ኮሶዬ ያወፈረው ውሻ

ባለፈው ሳምንት ጃንጥላዬን ላስጠግን ጎንደር አራዳ ወርጄ፣ ከጫማ ቤቶቹ ጥግ ሰው ተሰብስቦ አየሁ። እኔ ደግሞ ሰው ተሰብስቦ ሳላይ ማለፍ አልችልም፤ እናቴም እንዲሁ ነበረች። አንድ ጎረምሳ በካርቶን ውስጥ ሁለት የውጭ ቡችሎች ይዞ ይሸጣል። ጠጉራቸው የተባዘተ ጥጥ ይመስላል፤ አፍንጫቸው በቡጢ የተመታ ይመስል ወደ ውስጥ ገብቷል። አንዲት ተማሪ የምትመስል ልጅ ፊቱ ቆማ፣ «መተንፈስ እንኳ አልቻሉም እኮ! እንዲህ አድርጎ ማዳቀል ግፍ ነው» ትለዋለች። ከጎኗ ያለ ባለ መነጽር ሰውዬ፣ «ግፉን ተዪውና በየት ገቡ? የክትባት ወረቀታቸው የታለ?» ይላል። ጎረምሳው፣ «ጋሼ፣ የተወለዱት አዘዞ ነው፤ ለአዘዞም ፓስፖርት ይጠየቃል እንዴ?» ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ።

ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ወደ እኔ ዞራ፣ «እማማ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አለችኝ።

ምን ልበላት? ዘሩም፣ ወረቀቱም፣ ግፉም፣ ያ ሁሉ ክርክር በአንድ ክረምት፣ በአንድ ውሻ ምክንያት እናቴ ደጃፍ ላይ ሲካሄድ ሰምቻለሁ። «የኔ ወሬ ረጅም ነው ልጄ፤ ቆመሽ አትችይውም» ብያት አለፍኩ። ተቀምጦ ለሚሰማኝ ግን ይኸው።

የተወለድኩት ኮሶዬ ነው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር እናቴ ትንሽ ምግብ ቤት ነበራት። አባቴ ቀደም ብሎ አርፏል። ኮሶዬን በክረምት የማያውቅ ሰው ብርድ አውቃለሁ ቢለኝ አላምነውም። ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነስቶ ቀስ ብሎ ይወጣና፣ በበር ገብቶ ከእንግዶቹ ጋር ይቀመጣል። ሹፌሮች በቀትር መብራት አብርተው ይመጣሉ፤ ገና ከመውረዳቸው እጃቸውን ወደ ምድጃው ይዘረጋሉ። እናቴ ድንች ወጥ በትኩስ የገብስ ቂጣ ታቀርብላቸዋለች፤ የድንቹን እንፋሎት ፊታቸው ላይ ይዘው ዝም ይላሉ። ያኔ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ሞላ ሰሊጥ ሊያጭድ ሱዳን ከተሻገረ ዓመታት አልፈው ነበር። ቤቱን ቆርቆሮ ሊያለብስ ነው፣ ወፍጮ ሊተክል ነው ሲባል ቆይቶ፣ አንድ የሐምሌ ቀን ከአይሱዙ ላይ ዱብ አለ። በአንድ እጁ ቦርሳ፣ በሌላው በገመድ የታሰረ ውሻ። ሌላ ምንም የለም።

ውሻውን ሳየው ደነገጥኩ። እግሩ መቃ፣ ወገቡ በእጅ የሚጨበጥ፣ አፉ ረጅም፣ ቀለሙ ዳማ፣ የጎኑ አጥንት ከሩቅ የሚታይ። ጠጉሩ ከመሳሳቱ የተነሳ የለም ማለት ይቀላል። ከቆላ ሙቀት መጥቶ የኛ ጉም ሲነካው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«ስሙ ባርቅ ነው» አለ ሞላ። «በዓረብኛ መብረቅ ማለት ነው።»

እናቴ ውሻውን አየች፤ ልጇንም አየች። «መብረቁስ ጠፍቶበታል» ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ጓዳ ገባች። ሞላም ከውሻው የተሻለ አልነበረም፤ ጉንጩ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ምነው ከሳህ!» ማለት ሰላምታችን ነው። ባዶ እጁን ለተመለሰ ሰው ግን ደፍሮ ይህን የሚል ጠፋ። ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን ደህና ገባህ» እያለ፣ መሬት መሬት እያየ ወጣ።

ሐሳቡን የነገረው ለእኔ ብቻ ነበር። ውሻው የአዳኝ ዘር ነው፤ አሠሪው የነበሩ ሽማግሌ በቡችላነቱ የሰጡት። እዚህ ካሉት ጋር አዳቅሎ፣ ቡችሎቹን ጎንደር የውጭ ዘር ለሚወዱ የከተማ ሰዎች ሊሸጥ ነው። «ይህ ከሆነ እንደ ሰው እቆማለሁ፤ ካልሆነ ግን ክረምቱ ሲወጣ ተመልሼ እሄዳለሁ። እዚህ ተጎልቼ የሰው መጠቋቆሚያ አልሆንም» አለኝ። ቦርሳውንም አልፈታውም፤ እንደተቆለፈ አልጋው ሥር ገፋው። እናቴ ስትጠርግ ቦርሳውን በመጥረጊያው ነካ እያደረገች ታልፋለች።

ለማዳቀል ሴት ውሻ ያስፈልጋል፤ በአካባቢው የተመሰገነችው ደግሞ የጎረቤታችን የአያ ፈንቴ ውሻ ነበረች። አንገተ ወፍራም፣ ጅብ የማትፈራ በግ ጠባቂ ናት። ስሟ «ምን ቸገረኝ» ነው፤ አያ ፈንቴ ከአንድ ባላንጣቸው ጋር ስለማይነጋገሩ፣ ሊሉት የፈለጉትን ውሻቸውን በመጥራት ይሉ ነበርና።

«አያ፣ ዘር ለማሻሻል ነው» አላቸው ሞላ።

«የማንን ዘር? ጅብ ሲመጣ ይህ ያንተ ምን ሊሆን ነው? በርዶኛል ብሎ ጅቡን ጋቢ ሊለምነው?»

«ይሮጣል እኮ!»

«መሮጡንማ ይሮጣል፤ እሱ ከፊት፣ ጅቡ ከኋላ።» ቀጥለው ግን ሳቃቸውን ዋጡ። «ለመሆኑ በመተማ ሲገባ ማን አየው? እብድ ቢሆንስ? በጎቼንስ ተዋቸው፣ ልጆች አሉን።»

ሞላ ጎንበስ ብሎ የውሻውን ገመድ ያጠብቅ ጀመር። ኬላው ላይ ወረቀት ሲጠየቅ ስላልነበረው፣ ውሻውን ይዞ በእግር መንገድ ዞሮ እንደገባ ለእኔ ነግሮኝ ነበር። አያ ፈንቴ ነገሩ ገባቸው፤ በገበያ ቀን ጎንደር ወርደው ለእንስሳት ጤና ሰዎች ተናገሩ። ያኔ ጠላኋቸው። ዛሬ ግን፣ የእብድ ውሻ በሽታ የነካው ቤት ምን እንደሚሆን ካየሁ በኋላ፣ አልፈርድባቸውም።

የእንስሳት ሐኪሙ ወጣት፣ ጭምት ሰው ነበር። ጭቃ የነካ ቦቲ ጫማውን ደጅ አውልቆ መግባቱን እናቴ እስክትሞት አመስግናለታለች። ውሻውን ከሩቅ ዞሮ ዞሮ አየው።

«ያለ ወረቀት የገባ እንስሳ ነው። እኔ በደንቡ ከሄድኩ መወገድ አለበት» አለ።

«እሱ ከተወገደ እኔም ተወግጃለሁ ዶክተር» አለ ሞላ፣ ቀና ሳይል። «ነገውኑ መተማ ነኝ።»

እናቴ የሐኪሙን ጉልበት ልትይዝ ጎንበስ ስትል ተሽቀዳድሞ አነሳት። ጥቂት አሰበና፣ ውሻው ከድንች መጋዘናችን ለብቻው ታስሮ እንዲቆይ፣ ከአንድ ሰው በቀር ማንም እንዳይነካው፣ ተመልሶ ሲመጣ ጤነኛ ሆኖ ካገኘው እንደሚከትበው ነገረን። «ከጠፋ ወይም ካሸሻችሁት ግን እንዳትለምኑኝ» አለ። ጠባቂ ሆኜ የተመደብኩት እኔ ነኝ።

መጋዘኑ በሩ ከላይና ከታች ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ የላዩ ሲከፈት ውሻው ከውጭ ይታያል። ችግሩም እሱ ነው፤ የኮሶዬ ሴቶች አዩት።

መጀመሪያ የመጣችው እትዬ በላይነሽ ነበረች፤ ባል የሞተባት፣ ድምፅዋ ከገደል ማዶ የሚሰማ። ዳቦ በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛለች።

«አንተ ሞላ! ና ውጣ! እንስሳ ነፍስ የለውም? ለማይናገር ፍጡር እንዲህ ይደረጋል?»

«እትዬ፣ ዘሩ ነው፤ ተፈጥሮው እንዲህ ነው።»

«ረሃብ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ዘር ሆነ?»

«ከወፈረ አይሮጥም…»

«ምን ሊያደርግ ይሮጣል? ከማን ሊያመልጥ? አገሩ ገብቷል!»

ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሳቸው! አንዷ ድንች በቅል፣ አንዷ የገብስ ገንፎ ይዛ ትመጣለች። እንዳይነኩት የተባለውን አክብረው ሳህኑን በዱላ ገፍተው ያስገቡለታል። ፍልሰታ ሲገባ ይተዉታል ብዬ ነበር፤ እነሱ ግን በጾሙ የማይጠጣውን ወተት ሁሉ ለእሱ አዞሩት። «ውሻ አይጾም፣ ምን አለበት!» እያሉ። በመሐሉ ሞላ ይሰደባል። ጨካኝ ተባለ፣ ዓረብ ሆኖ መጣ ተባለ፣ እናቱ ይህን አላስተማረችውም ተባለ። እትዬ በላይነሽ ከአሮጌ ባና ልብስ ሰፍታ፣ እኔ አለበስኩት። ቆላ የለመደው ባርቅ የሱፍ ባና ለብሶ፣ የድንቹ ክምር ላይ ተጋድሞ ያንኮራፋ ጀመር።

ሐኪሙ መስከረም ሊጠባ ሲል ተመለሰ። ጉሙ ገለጥ ብሎ፣ ሜዳው በአደይ ቢጫ መሆን ጀምሯል። የመጋዘኑን በር ከፍቶ አየና ፊቱ ተለወጠ።

«ያኛው የታለ?»

«የቱ?» አልኩ።

«እህቴ፣ አታሞኚኝ። እኔ ያየሁት አጥንቱ የሚቆጠር ውሻ ነው። ይህ የበግ ሙክት ነው! ቀይራችሁታል። ያኛውን የት ደበቃችሁት?»

መምጣቱን ሰምተው የተሰበሰቡት ሴቶች በአንድ ጊዜ መጮህ ጀመሩ። «እኛ ነን ያወፈርነው!» ይላሉ፤ የሚያምናቸው የለም። በክረምት እንዲህ የወፈረ ውሻ ማን አይቶ ያውቃል? ሞላን አየሁት። ዞሮ ወደ ቤት ገባ፤ ከአልጋው ሥር ቦርሳው ሲጎተት ሰማሁ። እናቴም ሰምታለች፤ በሩ ላይ ሄዳ ቆመች፣ መቃኑን በሁለት እጇ ይዛ።

ያን ጊዜ ከተሰበሰበው ሰው መሐል አያ ፈንቴ፣ «ያው ነው» አሉ።

ሐኪሙ ገረመው። «አያ፣ የከሰሱት እርስዎ አይደሉም?»

«ከስሻለሁ፤ ዓይኔ ግን አልታወረም። ካላመንክ ይሩጥ እስቲ። የኛ አገር ውሻ እንዴት እንደሚሮጥ ታውቃለህ።»

ሞላ በእናቴ ክንድ ሥር ወጣና ሜዳውን አቋርጦ ሄደ፤ ገደሉ አፋፍ አጠገብ፣ ትንሽ ሰው እስኪመስል። ሰው ልጆቹን ወደ ኋላ ሰበሰበ። እኔ ባናውን ገፍፌ ገመዱን ፈታሁ። ባርቅ ወገቡን ዘርግቶ ተንጠራራ፣ አዛጋ፣ ከዚያ የእትዬ በላይነሽን እጅ አሻግሮ ያሸት ጀመር።

«አይ ጉድ! ዳቦ ፈልጎ ነው» አለች። «ሂድ! ሂድ አንተ፣ አታዋርደኝ!»

ሞላ ከሩቅ በዓረብኛ ተጣራ። የውሻው ጆሮ ተነሳ። መጀመሪያ እየተንገዳገደ ሄደ፤ ሆዱ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ አንድ ሰው ሳቀ። ሦስት አራት እርምጃ እንደሄደ ግን ጀርባው እንደ ቀስት ተለጠጠ። ከዚያ በኋላ እግሩን አላየንም። አበባው ላይ የሚሄድ ዳማ መስመር ብቻ ነበር፤ ጤዛው ከኋላው እየተነሳ። አፋፉ ላይ ሲደርስ ገደሉ ውስጥ ገባ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ሞላ መሬት ላይ ተዘርሯል፤ ውሻው ደረቱ ላይ ቆሞ ፊቱን ይልሰዋል። ወንድሜ ከመጣ ጀምሮ ሲስቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

«ይሄስ እዚህ አልተወለደም» አለ ሐኪሙ። ከትቦት ሲጨርስ ወደ ሴቶቹ ዞሮ፣ «አሁን የምከሰው እናንተን ነው። እንስሳ ማስራብ በደል ከሆነ እንዲህ ማወፈርም በደል ነው» አለ። እትዬ በላይነሽ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች።

የዘሩን ክርክር የፈታችው «ምን ቸገረኝ» ራሷ ናት፤ ማንንም ሳታስፈቅድ አጥር ዘላ መጣች። ቡችሎቹ ሲወለዱ አያ ፈንቴ ሳምንት አኮረፉ። ሞላ ግን አንዱንም ጎንደር አላወረደም። ውሻውን የመገቡት ሴቶች ሁሉ ቅርጫት ይዘው መጥተው፣ እንደ ድርሻቸው እየመረጡ ወሰዱ። «የኔ ዳቦ ነው ያቆመው» ለምትል ሴት ማን ዋጋ ይጠራላታል? ጅብ ሲመጣ ቡችሎቹ ምን እንዳደረጉ አያ ፈንቴ እስኪያርፉ ሲያወሩ ኖረዋል፤ እኔ አልደግመውም።

ሞላ ቀረ። ድንች ተከለ፣ አገባ፣ ወለደ፤ ዛሬ እሱም አያ ሞላ ነው። አሁን በቅርቡ ልጠይቀው ሄጄ ከደጁ ፀሐይ ስንሞቅ፣ ሐኪሙ ውሻውን ባይምርለት ኖሮ በርግጥ ይሄድ እንደነበር ጠየቅኩት።

«ሐኪሙ ከመመለሱ በፊት ነው የቀረሁት» አለኝ።

«ቦርሳውን ስትጎትት ሰምቻለሁ እኮ!»

«ልፈታው ነበራ። ውሻውን ቢወስዱብኝም አልሄድም ብዬ።»

ያን ሁሉ ዓመት ይህን አላውቅም ነበር። እሱ ወደ ገደሉ እያየ ቀጠለ።

«በላይነሽ ነፍሷን ይማርና፣ ሰው ፊት ትሰድበኝ አልነበር? ስትሄድ ደግሞ የመጋዘኑ መስኮት ላይ ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ ታስቀምጥ ነበር። ሞቅ ያለ፣ በኑግ የታሸ። ሁልጊዜ። እኔም የውሻው መስሎኝ አልነካውም። በኋላ፣ ሐኪሙ ሳይመለስ፣ አንድ ቀን 'እትዬ፣ ይህን አይበላም' ብላት፣ ደንግጣ አየችኝ። 'ውሻ ቆሎ ይበላል እንዴ፣ አንተ ሞኝ?' አለችኝ።»