ሙሽሪትን የሸኘው የወታደር ዘፈን

እናቴ ጅጅጋ ውስጥ የሰርግ ዘፈን አውጪ ናት። እሷ ታወጣለች፣ ሴቶቹ ይቀበላሉ። አዲስ ዘፈን ግን ፈጥራ አታውቅም፤ አሮጌውን እንደ ኮት ትገለብጠዋለች። ፈረሱን አውጥታ ባጃጅ ታስገባለች፣ ወንዙን አውጥታ አስፋልት። በኮሮና ጊዜ ሙሽራዋን ጭምብል አልብሳ ዘፍናላታለች፤ ማንም አልሳቀም። ዜማውና የስንኙ መጨረሻ እስካልተነካ ድረስ ለእሷ ዘፈኑ ያው ነው።

ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ይሄን ነበር፦

ባጃጁ ደረሰ፣ ጥሩንባው ተነፋ፣
ሙሽሪት ስትሄድ ቤታችን ተከፋ።

መነሻው የወንድ አያቴ ዘፈን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አያቴ ከጅጅጋ ወዲያ ሀርሺን የጦር ካምፕ የተመደበ ወታደር ነበር። እናቴ እዚህ ጅጅጋ በተወለደች ሰሞን ወደ ሌላ ግንባር ተወሰደና እዚያው ሞተ። መወለዷን እንኳ ሳይሰማ ሞተ እየተባለች ነው ያደገችው። ፎቶ የለም። ዘፈኑን ጓደኞቹ እየቀያየሩ ዘፍነው አመጡት፣ ሴት አያቴ ለለቅሶ አደረገችው፣ እናቴ ደግሞ ለሰርግ።

እህቴ ልታገባ ስትል፣ "ባጃጁ ይቅርብኝ፤ የአያቴን ራሱን ዝፈኝልኝ" አለቻት። እናቴ ጎመን እየከተፈች ፍለጋ ጀመረች። ባጃጁን አወጣች፤ ከስሩ ታክሲ ተገኘ። ታክሲውን አወጣች፤ ጋሪ። ከጋሪው በፊት ምን እንደነበረ አላስታወሰችም። ቢላዋውን አስቀመጠች።

"የአባቴ አንድ ቃል እንኳ አልቀረኝም፤ ቀይሬ ቀይሬ ጨረስኩት" አለችና አለቀሰች። እናቴ ስታለቅስ የማደርገው ስለሚጠፋኝ ጎመኑን ከተፍኩላት።

በማግስቱ ጎረቤታችን አዴር ዘንድ ይዣት ሄድኩ። አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ እንዲህ ነው የሚጠራቸው። በወጣትነታቸው ሀርሺን ካምፕ የግመል ወተት እየወሰዱ ሲሸጡ ነው ከአያቴ ጋር የተወዳጁት፤ አማርኛውንም እዚያው ለመዱት። በሶማሌዎች ዘንድ ግጥም አይገለበጥም። የሰው ግጥም የሚል ሰው መጀመሪያ የማን እንደሆነ፣ የት እንደተገጠመ፣ ለምን እንደተገጠመ ይናገራል። ከዚያ በኋላ ቃል አይጨምርም፣ አይቀንስም። የቀነሰ ሌባ ይባላል።

"አዴር፣ የአባቴን ዘፈን ያውቁታል?" አለቻቸው።

"እንዴት አላውቀውም? በየሰርጉ ስታበላሺው በአጥሩ በኩል እሰማለሁ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?"

"ልጁ ነሽ። የራስሽ ንብረት ነው ብዬ።"

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የአያቴን ስም ከነአባቱ ጠሩ። "ሀርሺን ላይ ነው የገጠመው። ከጅጅጋ የመጣ ሾፌር 'ሴት ልጅ ተወልዳልሃለች' ብሎ ነገረው። በማግስቱ ወደ ግንባር የሚወስዳቸው መኪና መጣ። ያኔ ነው" አሉና ቀጠሉ፦

መኪናው ደረሰ፣ ጥሩንባው ተነፋ፣
ልጄን ሳላያት ነው ሆዴ የተከፋ።

እናቴ ግጥሙን የሰማችው አልመሰለኝም።

"መወለዴን ሰምቶ ነበር?" አለች።

"ሰምቶ ነበር" አሉ አዴር።

ደግማ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም አንድ ቃል ሳይለውጡ ደግመው መለሱላት።

በሰርጉ ቀን እናቴ ድንኳኑ መሃል ቆማ፣ ከመዝፈኗ በፊት የአባቷን ስም፣ ሀርሺንን፣ ሾፌሩንና መኪናውን ተናገረች። ጸሎት የመሰላቸው እንግዶች ብድግ አሉ። አዴር ከፊት ተቀምጠው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይከታተሏታል። እህቴ ገና ካሁኑ እንባዋን እየጠረገች ነበር፤ ለተኳለችው ኩል ማዘን የጀመርኩት ያኔ ነው።

"ልጄን ሳላያት ነው..." ብላ አወጣች እናቴ። ሴቶቹ በለመደ አፋቸው፣ እያጨበጨቡ፣ "ቤታችን ተከፋ!" ብለው ተቀበሉ።

እናቴ የከበሮውን ቆዳ በመዳፏ ይዛ ዝም አሰኘችው። ጭብጨባውም ቆመ።

"ቤታችን አይደለም የተከፋው" አለቻቸው። "አባቴ ነው፤ እኔን ሳያየኝ።"