የቆመ ማሽን ጨዋ ነው

አቤራ እያልን የምንጠራቸው የአባቴ ታላቅ ወንድም ካረፉ ወዲህ ተቀምጬ እነሳለሁ፣ ወጥቼ እመለሳለሁ። አምቦ፣ አንድ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ እሳቸው መካኒክ፣ እኔ ጸሐፊ ነበርን። ከአሠሪውና ከሠራተኛው በተውጣጣው የደህንነት ኮሚቴም ሠራተኛውን የሚወክሉት እሳቸው ነበሩ።

የመንግሥት ተቆጣጣሪ በመጣ ቁጥር ወፍጮው ይቆማል። እንግዳ ማክበር ነው፤ ለመደማመጥ ይመቻል፣ የሰውየውንም ኮት ዱቄት አይነካውም። ሁሉም ተጠርጎ አምሮ ሳለ አቤራ ከኋላ፣ «የቆመ ማሽን ሁሉ ጨዋ ነው። ይነሳና እንየው» ይሉ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ፊቱን ያጠቁራል፤ እሳቸው ግን ወፍጮው ካልተነሳ የቁጥጥሩን ወረቀት አይፈርሙም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ተቆጣጣሪው መጣ። ወፍጮው ቆሟል። እኔም የሚፈረመውን ወረቀት አቀረብኩለት። ሊፈርም እስክሪብቶውን አወጣና ዞር ዞር ብሎ፣ «ሽማግሌው የሉም እንዴ?» አለ።

«አርፈዋል» አልኩት።

እስክሪብቶውን ወደ ኪሱ መለሰ። «ነፍሳቸውን ይማር። በሉ አስነሱት።»

ሲነሳ የወፍጮው ማዞሪያ ቀበቶ፣ የቺንጋው፣ መከለያ በአንድ ቡሎን ተንጠልጥሎ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ወዲያው አጥፍተው አጠበቁት። ይህን የምነግረው ሰው አጣሁ፤ የምነግረው ለእሳቸው ነበር።

ቤታችን የለቅሶው ድንኳን ከፈረሰ ወዲህ ጸጥ ብሏል። የአቤራ ሚስት እጃቸውን አጣጥፈው ከባዶው ወንበር አጠገብ ይቀመጣሉ። የሚጠይቀን ሁሉ «ጎሽ፣ በርትታችኋል» ይለናል። ሁላችንም ጨዋ ሆነን ተቀምጠናል።

እኔ ግን ይህን ጨዋነት አላምነውም።