የታረመው ቀሚስ

በማተሚያ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። ከዘበኛው ጀምሮ እስከ ሥራ አስኪያጁ ድረስ «አራት ነጥብ» ነው የሚሏት። ሥራዋ አራሚነት ነው። አንድ መጽሐፍ ወደ ማሽን ከመግባቱ በፊት ሦስት ጊዜ በእጇ ያልፋል፤ በሦስተኛው ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ይታተም» ብላ ካልፈረመች፣ ደራሲው በሩ ላይ ተደፍቶ ቢያለቅስ እንኳ ማሽኑን የሚያስነሣ የለም። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያመለጣት አንድ የተደገመ ፊደል ብቻ ነው። በየትኛው መጽሐፍ፣ በስንተኛው ገጽ እንደነበር ብትጠይቋት ዛሬም ሳታመነታ ትነግራችኋለች። ዛሬም ያንገበግባታል።

ክፍሏ ከሕንጻው በስተጀርባ ነው። አንድ መስኮት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የወረቀትና የቀለም ሽታ፤ ከግድግዳው ማዶ ደግሞ ማሽኖቹ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ምት ይመታሉ። እሷ እዚያ ስትቀመጥ ዓለም በቃኝ ነው። ወደ ክፍሏ የሚገባ ሰው ቀስ ብሎ ገብቶ፣ የመጣበትን ተናግሮ፣ በሩን ዘግቶ ይወጣል። መጽሐፍ ጠራዧ አንድ ጊዜ ይህን ሳታውቅ ገብታ «እንዴት አደርሽ፣ ቤተሰብ ደህና፣ እናትሽ ደህና» ማለት ስትጀምር፣ «ትናንት ጠይቀሽኛል፤ አልተለወጡም» የሚል መልስ አገኘች። ጠራዧ ይህን ላገኘችው ሁሉ እያወራች ሳምንት ሙሉ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ የልብ ወዳጆች ናቸው።

ከሁለት ዓመት በፊት ሐኪም ዘንድ ሄዳ፣ ብዙ ጥያቄ ተጠይቃ፣ ኦቲዝም እንዳለባት የሚገልጽ ወረቀት ይዛ ወደ ቤት ተመለሰች። እናቷ አለቀሱ። እሷ ግን ወረቀቱ ላይ ያገኘቻቸውን ሁለት የፊደል ግድፈቶች አስተካክላ፣ አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችውና እራቷን በላች። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ «አመለኛ»፣ «ኩሩ»፣ «ቅብጥብጥ» እየተባለች ኖራ፣ ነገሩ በመጨረሻ ትክክለኛ ስሙን አገኘ፤ ለአራሚ ከዚህ የበለጠ ምን ደስታ አለ?

ስም ቢወጣለትም ያልቀለላት አንድ ነገር ግን አለ። ልብስ መግዛት። እኔና እናንተ ልብስ ቤት ስንገባ የምናየው ልብስ ነው። እሷ ላይ ግን ሁሉም እኩል ይዘንባል። የመብራቱ እዝዝታ፣ ሙዚቃው፣ መስቀያው ብረቱን ሲፍቀው፣ የሦስት ሴቶች ሽቶ፣ በየመስታወቱ የሚንቀሳቀሱ ፊቶች፣ በዚያ ላይ ከጀርባዋ ድንገት «ምን ልርዳሽ የኔ ቆንጆ» የሚል ድምፅ። ይህን ሁሉ ተሻግራ ልብሱ ጋ ብትደርስ ደግሞ ማጅራት የሚቧጥጥ የፋብሪካ ምልክትና ብብት የሚከረክር ስፌት ይጠብቃታል። ስለዚህ ከዘጠኝ ዓመት በፊት እናቷ አንድ የሚስማማት ሰማያዊ የጥጥ ቀሚስ ሲያገኙላት፣ ስድስት ተመሳሳይ አስገዛችና ነገሩን ዘጋችው። ልብስ አትቀይርም ብሎ የሚያማት ሰው አልጠፋም። ስድስት መሆናቸውን የሚያውቁት እናቷና ግቢው ውስጥ ያለው የልብስ ማስጫ ገመድ ብቻ ናቸው።

እንዲህ ተደላድላ እየኖረች ሳለ፣ ነርስ የሆነችው ታናሽ እህቷ አንድ ቀን ከሥራ በቀጥታ ወደ ማተሚያ ቤቱ መጣች። ቀስ ብላ ገባችና የመጣችበትን ተናገረች። ልታገባ ነው፤ ሰርጉ ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው።

«ከጎኔ የምትቆሚው አንቺ ነሽ» አለቻት። «ሌላ ሚዜ አልፈልግም።»

አራት ነጥብ «እሺ» ያለችው ሳታስብ ነው። በደስታ እጆቿን እያርገፈገፈች ክፍሏን ሁለት ጊዜ ዞረች። ታናሿ ከሄደች በኋላ ግን ነገሩ ገባት። ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሳ ሙሽራ አጠገብ አትቆምም፤ ልብስ ሊገዛ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ታናሿ ስትመረቅም እንዲሁ ለዕለቱ የሚሆን ልብስ ልትገዛ ወጥታ፣ ከልብስ ቤቱ ተንደርድራ አምልጣ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ክፍሏን ዘግታ ተኝታለች። ምረቃው ያለ እሷ አለፈ። ታናሿ ያን ጊዜ አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ አለመናገሯ ነው እስካሁን አንጀቷን የሚበላት። አሁን ሰርጉም ቢያመልጣትስ? ታናሿ ደግሞ ሁለት ጊዜ የማግባት ዕቅድ የላትም።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱ እህትማማቾች ወደ ትልቁ የልብስ መደብር ሄዱ። በደንብ ተዘጋጅተዋል። ታናሿ ቀድማ ሄዳ ቀሚሱን መርጣ አስቀምጣለች፤ ገብቶ ለክቶ መውጣት ብቻ ነው፤ ቢበዛ ሃያ ደቂቃ። ያላወቁት ነገር ቢኖር መደብሩ በዚያው ቀን የዓመቱን ታላቅ ቅናሽ መጀመሩን ነው። በሩ ሲከፈት ጉዱ ታየ። ሰው በሰው ላይ ተነባብሯል፤ ድምፅ ማጉያው ያንባርቃል፤ ሁለት የተከበሩ ወይዘሮዎች አንዱን ሹራብ በሁለት እጅጌው ይዘው ይጓተታሉ።

ታናሿ ፊቷን አየችና እንመለስ አለቻት። አራት ነጥብ ጥርሷን ነክሳ በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። ምረቃውን እያሰበች፣ ዓይኗን ከታናሿ ጫማ ተረከዝ ላይ ሳትነቅል፣ ያንን ሁሉ ሰው ሰንጥቃ መለኪያ ክፍሉ ደረሰች። በሩን ቆለፈች፤ ቀሚሱን ለበሰች። የሚያብረቀርቅ፣ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ ውስጡ በነጭ ገበር የተለበጠ ቀሚስ ነው። ማጅራቱ ላይ አንድ ሳይሆን ሦስት ምልክት ተደራርቦ ተሰፍቶበታል። ለግማሽ ደቂቃ ያህል ታገሠችው። ከዚያ አውልቃ ወረወረችው፤ ሰማያዊዋን መልሳ ለብሳ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ጆሮዋን ያዘች።

ውጭ ተራ የሚጠብቁት ማጉረምረም ጀመሩ። አሻሻጯ በሩን ቆረቆረች። ታናሿ ደህና ነሽ ወይ ብላ ጠየቀች፤ መልስ የለም። ይህን ዝምታ ታውቀዋለች። በእንዲህ ያለ ጊዜ እህቷ ዘንድ ቃል አይገኝም፤ ቢለምኗትም፣ ቢቆጧትም አይመጣም። ስለዚህ አልለመነችም። ያ ሁሉ ሰልፈኛ እያያት መሬት ላይ ዘፍ ብላ ጀርባዋን በሩ ላይ አስደገፈችና፣ በበሩ ሥር ሁለት ጣቶቿን ወደ ውስጥ አሾለከች። አሻሻጯ ምን እየሆነ ነው ስትላት፣ እህቴ እያረፈች ነው አለቻት። ትንሽ ቆይቶ ከውስጥ አንድ እጅ መጥቶ ጣቶቿን ያዘ።

በሩ የተከፈተው ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው። አራት ነጥብ ቀሚሱን ገልብጣ በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። ታናሿ አንድ ጊዜ አየችውና ክው ብላ ቀረች።

ነጩ ገበር ከአንገት እስከ ጫፍ ከቦርሳዋ በማይለየው ቀይ እስክሪብቶ ታርሟል። በጭንቅ ጊዜ እጅ የለመደውን ይሠራል፤ የእሷ እጅ የለመደው ማረም ነው። ሦስቱ ምልክቶች ተከበው «ይውጡ» ተብሏል። በብብቱ በኩል «ይከረክራል፤ ስፌቱ ወደ ውጭ ይዙር»። በዚፑ ጎን «ይቀዘቅዛል፤ በቁልፍ ይተካ»። አንገቱ ላይ «ሁለት ጣት ይስፋ»። መሐል ላይ በትልቁ «ጨርቁ በሙሉ ይለወጥ፤ ጥጥ»። ከታች ጠርዙ ላይ ደግሞ በጥንቃቄ «ቀለሙ ቆንጆ ነው፤ እንዳለ ይቆይ» ተብሎ ተጽፎ በአራት ነጥብ ተዘግቷል።

አሻሻጯ አፏን ከፍታ ቆመች። ታናሿ ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ከንፈሯን ነከሰች፤ አልቻለችም። ግድግዳውን ተደግፋ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። አራት ነጥብም ሳቁ የንዴት ይሁን የሌላ መለየት አቅቷት ትንሽ ካየቻት በኋላ፣ የደስታ መሆኑን ስታረጋግጥ አብራት ሳቀች። አሻሻጯ እንዲህ የተጻፈበት ልብስ እንደማይመለስ ፈርጠም ብላ ስትናገር፣ ታናሿ ማን ይመልሰዋል ብላ አስጠቀለለችው።

ወደ ቤት የሄዱት ጭር ባለው መንገድ ነበር። ታናሿ ድንገት ቆመች።

«ምረቃዬ ላይ ልትመጪ ያልፈለግሽ መስሎኝ ነበር» አለች። «አምስት ዓመት እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።»

«ፈልጌ ነበር» አለች አራት ነጥብ። «በጣም ነው የፈለግሁት። ልብሱ ነው እንጂ እምቢ ያለኝ።»

ታናሿ ልታቅፋት እጇን ዘረጋችና ትዝ ሲላት ትከሻዋን ጠበቅ አድርጋ ያዘች፤ አራት ነጥብ የምትወደው እንደዚያ ነው። ከዚያ ጥቅሉን ብብቷ ሥር ሸጎጠች። ቤት መሄዱ ቀረና የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ጋ ሄዱ።

ልብስ ሰፊው እጀ ወርቅ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ጉድለት ብቻ አለባቸው፤ ወሬ። እጅጌ ለክተው እስኪጨርሱ የሰፈሩን ሰው ሁሉ አንሥተው ይጥሉታል። ዝም የሚሉት አፋቸው ስፒል ሲይዝ ብቻ ነው። ታናሿ ይህን ስለምታውቅ አስቀድማ ተዋዋለቻቸው። የሚለካው ጠዋት፣ ሌላ ደንበኛ ሳይመጣ፣ ሬዲዮ ሳይከፈት፣ ስፒሉም አፋቸው ውስጥ እንዳለ ነው። ሽማግሌው ቅር እያላቸው ተስማሙ። ከዚያ መነጽራቸውን ሰክተው የታረመውን ቀሚስ ከመስኮቱ አጠገብ ዘረጉና፣ ከላይ እስከ ታች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት።

«ልጄ፣ አርባ ዓመት ስሰፋ የሚፈልገውን ነገር እንዲህ አፍረጥርጦ የነገረኝ ሰው የለም» አሏት። «ሁሉም ‹ጥሩ አድርገው› ይለኛል። ጥሩ ምንድን ነው? እኔ በምን አውቃለሁ?»

አራት ነጥብ ይህን ስትሰማ ሰውየውን ወደደቻቸው፤ እሷንም ዕድሜ ልኳን ያቃጠላት ጥያቄ ይኸው ነው። አዲስ የጥጥ ቀሚስ በዚያው ወይን ጠጅ ቀለም፣ እንደ መጽሐፍ በሦስት እርማት እንዲሰፋ ተስማሙ። በመጀመሪያው አንገቱ አለፈ፤ እጅጌው ወደቀ። በሁለተኛው እጅጌው አልፎ ጠብ የተነሣው በስፌቱ ነው። ሽማግሌው ስፒሉን ከአፋቸው አውጥተው፣ ስፌት ገልብጬ ሰርግ ላይ ባወጣ ሰክሮ የሰፋው ነው ይሉኛል ብለው አሻፈረኝ አሉ። እሷም ከውስጥ ከሆነ አልለብሰውም አለች፤ ተፋጠጡ። አንድ ሳምንት ካሰቡ በኋላ ስፌቱን ወደ ውጭ አድርገው፣ በላዩ ላይ በዚያው ቀለም ቀጭን ጥብጣብ አስኬዱበት። የተደበቀው ስፌት ጌጥ ሆኖ ቁጭ አለ።

ሦስተኛው እርማት ሰርጉ አራት ቀን ሲቀረው ነበር። ለበሰችው። እጇን አነሣች፣ ተቀመጠች፣ ተነሣች፣ ዞረች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ዝም ብላ ቆመች። ሽማግሌው አፋቸውን ሞልተው በያዙት ስፒል ሳቢያ መጠየቅም አልቻሉ፤ ላብ አጠመቃቸው።

«ምንም የለበስኩ አይመስለኝም» አለች በመጨረሻ።

የሽማግሌው ፊት ጭልም አለ። ታናሿ ፈጠን ብላ ይህ ከአፏ ሊወጣ የሚችለው ትልቁ ምስጋና መሆኑን አስረዳቻቸው። አራት ነጥብ ደግሞ የልኳ ዝርዝር የተጻፈበትን ወረቀት ስባ «ይታተም» ብላ ፈረመችበት። ሽማግሌው ወረቀቱን ከስፌት መኪናቸው በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፉት፤ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ትርጉሙን ያስረዳሉ፤ ረጅም ጊዜ ይወስድባቸዋል።

የሰርጉ ቀን ቀሚሱ አላሳፈራትም። ጠዋት ለብሳው ስታበቃ ረሳችው፤ ይህ በሕይወቷ ሆኖ አያውቅም። ቃል ኪዳኑ ሲፈጸም ከታናሿ በስተግራ ሆና ቀጥ ብላ ቆመች። አዳራሽ ሲገቡ ግን ጩኸቱ መጣ። ለዚህም ተነጋግረዋል፤ ሲከብዳት የሙሽራዋን እጅ ሁለት ጊዜ ትጨብጣለች። ጨበጠቻት። ሙሽራዋ የቀሚሷን ዘርፍ ሰብስባ፣ እህቷን ይዛ፣ በወጥ ቤቱ ኋላ ባለ ኮሪደር ባዶ የለስላሳ ሣጥኖች ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ጫማዋንም አወለቀች፤ ለካ እሷንም ሲያቃጥላት ነበር። ሙሽራው ሲፈልጋቸው ቆይቶ ሲያገኛቸው ምንም አልጠየቀም። ሄዶ በአንድ ሳህን ኬክ አምጥቶ ሦስተኛው ሣጥን ላይ ተቀመጠ። እንግዳው ሁሉ ሙሽሮቹ የት ገቡ እያለ ሲተራመስ፣ ሦስቱ በአንድ ሹካ እየተቀባበሉ ኬካቸውን በሉ።

ሲመለሱ ፎቶ አንሺው እየተቆጣ ጠበቃቸው። አቆማቸው፣ አስጠጋቸው፣ አስተካከላቸው። ሚዜዋ ግን ወደ ካሜራው አታይም። የታናሿን ፊት በጎን እያየች፣ ከወዲያ ወዲህ ቀስ እያለች ትወዛወዛለች፤ ለራሷ ብቻ የሚሰማ ነገር ታንጎራጉራለች። ደስታው ሞልቶ መቆም አቅቷታል። ፎቶ አንሺው አንድ ጊዜ በትሕትና፣ ሁለተኛ ጠንከር ብሎ፣ ሚዜዋ ቀጥ ብላ ወደዚህ ትይ አለ።

«ተዋት» አለችው ሙሽራዋ። «መጥታለች እኮ።»

ፎቶ አንሺውም ምን ማለቷ እንደሆነ ባይገባውም አነሣቸው።