ፕሮፎርማ የሌለው ፕሮግራም

ባለፈው ሳምንት መታወቂያዬን ላሳድስ ሄጄ፣ መስኮቱ ውስጥ የተቀመጠችው ልጅ ከስልኳ ቀና ሳትል «ሲስተም የለም፣ እማማ፤ ስምሽ አልመጣም» አለችኝ። ከኋላዬ የተሰለፉት ተበተኑ። እኔ ግን መስኮቱን አልለቀቅሁም። ስም በራሱ አይመጣም፣ በራሱም አይቀርም፤ የሚያስቀረው ሰው ነው። ይህን የተማርኩት በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ ድሬ ዳዋ፣ ገና ወጣት የሒሳብ አስተማሪ ሳለሁ ነው።

ትምህርት ቤታችን በእርዳታ አንድ ኮምፒዩተር አገኘ። አጭር ሥልጠና ወስጄ ስለነበር ኃላፊነቱ ለእኔ ተሰጠ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞችን ስም ዝርዝር በስልክ መስመር አዲስ አበባ ላለው ትልቅ ኮምፒዩተር መላክ ነበረብን። ለዚህ ሁለት ሥራ የሚሠራ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ላስረዳ። የመጀመሪያው ሥራ፣ የእኛ ትንሽ ማሽን የትልቁ ስክሪንና ኪቦርድ መስሎ እንዲቀርብ ማድረግ ነው፤ ድሬ ተቀምጠሽ የአዲስ አበባውን ማሽን እንደምታዣው ቁጠሪው። ሁለተኛው ዝርዝሩን ማድረስ ነው።

ምርጫው ከሁለት ፕሮግራሞች ነበር። በሳጥን ታሽጎ የሚሸጠው ስክሪኑን በቀለም ያሸበርቀዋል፤ ዝርዝሩን ግን መስመሩ ላይ ለቆ ይሄዳል፣ ደረሰ አልደረሰ ብሎ አይጠይቅም። ሌላው አንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ለፈለገው ሁሉ በነጻ የሚያድለው ነው፤ ከሥልጠናው በዲስኬት ገልብጬ አምጥቼዋለሁ፣ አዲስ አበባ ያሉትም አላቸው። መልኩ አያምርም፣ ይንቀራፈፋል። ነገር ግን ዝርዝሩን ቆራርጦ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ቆጥሮ ይልካል፤ ወዲያ ማዶ ቆጠራው ካልገጠመ «ድገምልኝ» ይባላል፣ ይደግማል።

መጋቢት ነበር። ተራራው ላይ ሲዘንብ የደቻቱ ወንዝ በደረቁ አሸዋ ላይ ጎርፉን ይዞ ከች ይላል፤ የስልኩ መስመርም ያን ጊዜ ዘይት ውስጥ እንደገባ ሳምቡሳ ይንጣጣል። ሁለቱንም በዚያ መስመር፣ በአምናው ዝርዝር ሞከርኳቸው። በሳጥኑ የላክሁት ዝርዝር ግማሹ ስም ቅንፍና ጥያቄ ምልክት ሆኖ ደረሰ። በነጻው የላክሁት ዘገየ እንጂ አንድ ፊደል አልጎደለበትም።

ውጤቱን በሠንጠረዥ አሰናድቼ ለግዢ ኮሚቴው አቀረብኩ። ከምሳ በኋላ ስለነበር ሙቀቱ አናት ይበሳል፤ ሁሉንም ጫቱ ይጠብቀዋል።

«ዋጋው?» አለ ሰብሳቢው፣ ጓድ ዘሪሁን።

«ነጻ ነው፣ ጓድ።»

«ካፒታሊስት በነጻ መስጠት የጀመረው መቼ ነው?» ተሳሳቁ።

የግዢ ኃላፊው አቶ መኮንን ያዘነልኝ መሰለ። «እቱ፣ ሳጥኑን ከሦስት ነጋዴ ፕሮፎርማ ሰብስቤ አወዳድሬዋለሁ። ያንቺን በምን ላወዳድረው? ዜሮ ብር ብሎ ማኅተም የሚመታልኝ ነጋዴ አለ?»

«ስለዚህ የልጆቹ ስም ይጥፋ?»

«ጓዲት፣ ስሜታዊ አትሁኚ» አለ ዘሪሁን።

«እሺ፣ በወረቀትም ደርበን እንላክ።»

«ኮምፒዩተር ይዘን በወረቀት? ልታሰድቢን ነው?»

ከዚያ የተለመደው መጣ። «የምትደግፉ?» እጆች ወጡ። «የምትቃወሙ?» የእኔ ብቻ። ጓድ ዘሪሁን እጄን አየት አደረገና ወደ ቃለ ጉባኤ ያዡ ዞሮ «በሙሉ ድምፅ» አለ። እጄ ገና አልወረደም ነበር! የኮምፒዩተር ክፍሉን ቁልፍም በማግሥቱ ተቀበሉኝ። ዝርዝሩን ሌላ ሰው፣ በሳጥኑ ፕሮግራም ላከው።

ግንቦት ላይ የመፈተኛ ካርድ መጣ። አብዲ የሚባል ተማሪ ነበረኝ፤ ከቢዮ አዋሌ ገጠር መጥቶ፣ ቀፊራ ገበያ ቅመም ከምትሸጥ አክስቱ ጋር የሚኖር፣ «ለምን?» እያለ የሚያደክመኝ ልጅ።

«ቲቸር፣ የኔ ካርድ የለም አቦ። እስቲ ደግመሽ እይልኝ።»

ደግሜ አየሁ። የለም። አዲስ አበባ ደወልኩ። «የማይነበቡትን መስመሮች ሰርዘናል፣ እህቴ፤ መመሪያ ነው» አለኝ አንድ ድምፅ። «ምዝገባውም ተዘግቷል።»

አብዲን ይዤ ዘሪሁን ቢሮ ገባሁ። ማንጎ እየላጠ ነበር። «የመስመር ችግር ነው። ለከርሞ ይፈተናል» አለ፣ ጭማቂው በክንዱ እየወረደ። ከትምህርት ቤት ለወጣ ወንድ ልጅ ከርሞ የሚባል ነገር እንደሌለ ያውቃል፤ ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ይወስደዋል። እያወቀ ነው የተናገረው።

አክስቱ በዚያው ሳምንት የጅቡቲ ባቡር ላይ አሳፈረችው። ጣቢያ ሄጄ ቆምኩ፤ እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

«አታልቅሺ ቲቸር» አለኝ በመስኮቱ። «ተሳደቢ።»

ባቡሩ ከዞረ በኋላ እንዳለኝ አደረግሁ።

አብዲ ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሶ አሁን ቀፊራ ጨርቅ ይነግዳል፤ ጸጉሩ እንደኔው ሸብቷል። ከመታወቂያው ቢሮ ስወጣ ሱቁ ገብቼ ያንን ጉዳይ አነሣሁበት። ከት ብሎ ሳቀ። «ወላሂ ቲቸር፣ ያኔ ብፈተንም እወድቅ ነበር።»

ሊያበርደኝ ብሎ ነው። ይልቁንም ነደድኩ። ይወድቅ ይሆናል፤ ያልፍም ይሆናል። እሱም እኔም አናውቅም፤ የተወሰደበትም ይኸው ነው። ሰዎች «ይህን ያህል ዘመን አልፎ እንዴት አይበርድልሽም?» ይሉኛል። ዝናቡንና ሽቦውን ከተቆጣሁ እኔ ራሴ ልክ አይደለሁም። እጃቸውን ያወጡትን ግን እቆጣለሁ። ልጁ ቢወድቅም በገዛ እርሳሱ መውደቅ ነበረበት።