አልታዬና የዘማቹ ጊታር

የዕድገት በኅብረት ዘመቻው አብቅቶ ዘማች ተማሪዎቹ ከመካነ ሰላም ሲሄዱ፣ አንዱ ዘማች ትቶት የሄደው ጊታር በአውራጃው ጽሕፈት ቤት መጋዘን ውስጥ አቧራ ጠግቦ ተቀመጠ። ያን መጋዘን የምትጠርገው አልታዬ ፈንታው ነበረች። አባቷ ፈንታው በወሎው ቦረና ምድር የታወቀ ክራር መቺ ነበር፤ በስልሳ ስድስቱ ረሃብ በሬዎቹ አልቀው እሱም ሲከተላቸው፣ ለልጁ የተረፋት ክራሩና የጣቱ ሙያ ብቻ ነው። አንድ ቀን መጥረጊያዋን ግድግዳ አስደግፋ የጊታሩን ክሮች ቆጠረች። ስድስት ናቸው። የክራሯም ክር ስድስት ነው። ደስታዋን ምን ልበላችሁ።

ጆሮዎቹን እየጠመዘዘች በትዝታ ቃኘችው። እንደ ክራር ጭኗ ላይ አቁማ፣ በቀኝ እጇ እየገረፈች፣ በግራ ጣቶቿ የማትፈልጋቸውን ክሮች እያፈነች መታችው። ያ ረጅም አንገት ለምን እንደተሠራ ለማሰብ ጊዜ አላጠፋችም፤ መያዣ ነዋ።

ከተማው ጉድ አለ። የቀበሌው የኪነት ቡድን መሪ መምህር ሞላ ከመጋዘኑ አውጥቶ መድረክ ላይ አቆማት። በገበያ ቀን ከሩቅ ቀበሌ የመጣው ሁሉ እህሉን እንደተሸከመ ቆሞ ይሰማታል። አልታዬም፣ እውነቱን እንናገር፣ ኮራ ኮራ ማለት ጀማምሯት ነበር።

ሚያዝያ ላይ ጀብሪል ከደሴ መጣ። የክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን ጊታር ተጫዋች ነው፤ በየአውራጃው እየዞረ በደመወዝ የሚቀጠሩ ሙዚቀኞችን ይመርጣል። ከመረጣት ሙዚቃ እንጀራዋ ይሆናል። ካልመረጣት መጥረጊያው የትም አይሄድባትም።

አልታዬ ጀመረች፤ ዘፋኟ ይታይሽም ገባች። ይታይሽን ጉንፋን ይዟት ኖሮ ድምፁ አልወጣላት አለ።

«ትንሽ ዝቅ አርጊላት» አለ ጀብሪል።

አልታዬ መጫወቷን አቁማ ስድስቱንም ክሮች አንድ በአንድ ማላላት ጀመረች። ሰዉ ጠበቀ። ይታይሽ ሁለቴ አስነጠሰች። ጀብሪል ግራ ገብቶት ቀረብ አለ።

«እኔ እምልሽ፣ በአንገቱ አትጫወቺበትም?»

«እንዴ ጋሼ፣ በምን ልያዘው ታዲያ?»

የሳቀው ሳቀ። ጀብሪል ግን ጊታሩን ተቀብሎ አንዷን ክር ብቻ አንገቱ ላይ በጣቱ እየተጫነ ከታች እስከ ላይ አስኬዳት። ትዝታ መጣ፤ ባቲ መጣ፤ አምባሰል መጣ፤ ሁሉም ከዚያችው ከአንዷ ክር። አልታዬ ማፈሯን ረሳች። ልቧ ዘለለ፣ ከእጁ ልትነጥቀው ምንም አልቀራት።

«አሳዩኝ ጋሼ። ዛሬውኑ አሳዩኝ።»

«አብሽሪ፣ አሳይሻለሁ። ግን የምታውቂውን ትተሽ እንደ ጀማሪ መቀመጥ አለብሽ፣ እሱ ነው ከባዱ። የግራ ጥፍርሽን ቁረጪ፤ ምቱን በእግርሽ ያዢ፤ ከራስሽ ይልቅ ዘፋኟን ስሚ። መስከረም መጨረሻ ላይ ደሴ ነይና እፈትንሻለሁ።»

ክሮቹን በጊታር ቅኝት ቃኝቶ ሦስት ኮርድ፣ ብዙ ክር አንድ ላይ ተጭኖ የሚመታ ድምፅ፣ አሳያትና በማግስቱ በጭነት መኪና ሄደ።

ከሥራ በፊት መጋዘን ውስጥ፣ በምሳ ሰዓት መጋዘን ውስጥ፣ እሑድም መጋዘን ውስጥ ሆነች። ጣቶቿ ቆሰሉ፣ ከዚያ ጠነከሩ። ከአንዱ ኮርድ ወደ ሌላው ስትሻገር ዘፈኑ ጭቃ እንደያዘው መኪና ይቆምባታል። ሰዉም «የደሴው ሰውዬ ልጅቷን አበላሻት» እያለ አዘነላት። እሷ ግን አንዲት ኮርድ ጠርታ በወጣች ቁጥር ብቻዋን ትስቅ ነበር።

የአብዮት በዓል ሲቃረብ መምህር ሞላ መጣ።

«በድሮው ቃኚውና ውጪ፤ ሕዝቡ የሚወደው እሱን ነው።»

«ጣቴ ወደ ድሮው ከተመለሰ አዲሱን እምቢ ይለኛል፣ መምህር።»

«በአዲሱማ ገና አልቻልሽበትም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ሲባል አልሰማሽም?»

«እኔስ ምን አልኩ? መጠምጠሙ ይቅርብኝ፣ ልማር።»

መምህሩ ራሱን ነቅንቆ ሄደ። የበዓሉ ዕለት ጭብጨባው በመጋዘኑ መስኮት ገባ። አልታዬ ቀናች፣ አለቀሰችም። ያም ሆኖ እጇን ከጊታሩ አላነሳችም።

መስከረም ሲያልቅ በጭነት መኪና ስትናጥ ውላ ደሴ ገባች። በማግስቱ ጀብሪል ፊት ተቀመጠች፤ የቡድኑ ዘፋኝም ጀመረች። አልታዬ ምቱን በእግሯ ይዛ ሄደች። ጀብሪል አስቀድሞ መክሯት ኖሮ ዘፋኟ መሐል ላይ ሳትናገር ዘፈኑን ወደ ቀጭን ድምፅ ከፍ አደረገችው። የአልታዬ ግራ እጅ አንገቱን ይዞ ሽቅብ ወጣ፣ አንዱን ኮርድም ሳተ። ክፉኛ ነው የሳተው፤ ደጅ የቆመ ሰው ሳይቀር ሰምቶታል። በሚቀጥለው ስንኝ ግን ዘፋኟ ላይ ደረሰችባት፣ እስከ መጨረሻውም አብረው ወጡ።

«መሳሳትሽን አውቀሻል?» አለ ጀብሪል።

«አውቄያለሁ።»

«ታዲያ ለምን አላቆምሽም?»

«እሷ እየሄደች ነበራ ጋሼ። ብቻዋን ልተዋት?»



«ሰኞ ጠዋት ልምምድ አለን፤ እንዳታረፍጂ» አላት።

ወጥታ ቁልቁል ስትወርድ እየሮጠች መሆኗን ያወቀችው ሰው ዞር ብሎ ሲያያት ነው። ከስልሳ ስድስት ወዲህ የሚመጣውን ቀን ስትፈራ እንጂ ስትናፍቅ ኖራ አታውቅም። ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ አልታዬ ሰኞ እስኪደርስ ቸኮለች።