ሁለት ሰንጠረዥ፣ አንድ መልቀቂያ

ምን አለሽ ተራ ከቆርቆሮ የተሠራ ምድጃ ስሸጥ ዕድሜዬ ሄዷል። ፊደል የለየሁትም እዚያው፣ ባዶ የዘይት ጣሳ ላይ ያለውን ጽሑፍ እያነበብኩ ነው። ከምድጃዎቼ አጠገብ ሁልጊዜ አንድ የዛገ ጣሳ አስቀምጣለሁ። ገዢ ከፋብሪካ ዕቃ ጋር እያወዳደረ ሲያጣጥልብኝ "ከምን እንደተነሳ እይልኝ እንጂ!" እለዋለሁ።

እንግዲህ በልጄ ትምህርት ቤት የወላጅ ስብሰባ ተጠራ። ከትምህርት ቢሮ የመጣው ሰውዬ ሁለት ሰንጠረዥ ለጠፈ። የመጀመሪያው በየክፍለ ከተማው የተማሪዎች አማካይ ውጤት ነው፤ የእኛ ከታች፣ የእህቴ ክፍለ ከተማ ከላይ። ሁለተኛው ልጆቹ ከአምናው ምን ያህል እንደተሻሻሉ ያሳያል። እዚህ ላይ የእኛ አንደኛ! አዳራሹ በእልልታ ተናጋ።

"ወለል ላይ የነበረ ወደ ታች አይሄድ!" አልኩ በሆዴ። በማግስቱ የልጄን መልቀቂያ አወጣሁና፣ በእህቴ አድራሻ እዚያ ላስመዘግባት ብዬ፣ ከሱቄ ደወልኩላት።

"ውይ፣ አሁን ልደውልልሽ ስል!" አለች እህቴ፣ ሰላምታዬን እንኳ ሳትጠብቅ። "እኛም ስብሰባ ላይ የእኛዎቹ ልጆች ከአምናው ንቅንቅ አላሉም አሉን። ልጄን በአንቺ አድራሻ ላስመዝግበው?"

"እኔ ደግሞ ልጄን ወደ አንቺ ልልክ ነበር።"

ከሁለታችንም ሳቁ ፈነዳ።

ሱቁ ውስጥ አጠገቤ የነበረችው ልጄ ግን አልሳቀችም። "እማዬ፣ እኔን ማን ጠየቀኝ?" አለችና የዛገውን ጣሳ ገፋ አድርጋ ሁለት ደብተር በቦታው ዘረጋች። የአምናው በቀይ እስክሪብቶ ተጨማልቋል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አልጨረሰችም። በዘንድሮው ስለ ምድጃ አሠራር ገጽ ሙሉ ጽፋለች።

"መምህሬ ከየት እንደተነሳሁ ታውቃለች። እዚያ ማን ያውቅልኛል?"

ለገዢ ሁሉ ስለፈልፍ የኖርኩትን መልሳ ለእኔው ሸጠችልኝ! እልህ ያዘኝና መልቀቂያውን አዲስ ምድጃ ውስጥ ከትቼ ክብሪት ጫርኩበት። ምድጃው በደንብ ነደደ።

ሰኞ ወደ ትምህርት ቤቷ ልመልሳት ስሄድ ጸሐፊዋ "እትዬ፣ መልቀቂያውን ካልመለሱ አትገባም" አለችኝ። አመዱን ላምጣላት?

"የለኝም" ስላት፣ "በቃ፣ ጠፋብኝ ብለው ማመልከቻ ይጻፉ" አለችኝ።

ወረቀቱን ተቀበልኩና ለልጄ አቀበልኳት። እዚያው ጠረጴዛው ጥግ ቆማ፣ አንዲት ቃል ሳትሰርዝ ገጽ ሙሉ ጻፈችው። ለእኔ የተረፈኝ ፊርማው ብቻ ነበር።