መስመር ጠፋ

እናትና አባቷ ያወጡላትን ስም የሚያስታውስ ሰው በሰፈሩ የለም። ትንሹም ትልቁም እትዬ መስመር እያለ ነው የሚጠራት። ኢንተርኔት ቤቷን በከፈተችበት ዘመን፣ በቀን ስንቴ እንደሆነ እንጃ፣ ከወንበሯ ብድግ ብላ «መስመር ጠፋ!» ትል ነበር። ስሙ ከዚያ ወጣላት፤ እሷም አልከፋትም።

ከዚያ በፊት የመሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። ኮሪደሩ ማዶ የተቀመጠ ሰው፣ አለቃው ተቆጥቶ ያስጻፈውን ደብዳቤና ደስ ብሎት ያስጻፈውን ከጣቶቿ ድምፅ ይለይ ነበር ይባላል። ኋላ ኮምፒዩተር መጣና አለቃው ራሱ በሁለት ጣቱ መልቀም ጀመረ፤ እሷን በምስጋና ሸኟት። ሌላ ሰው ቢሆን ኮምፒዩተር ባየ ቁጥር ፊቱን ያዞር ነበር። እሷ ግን «ከወንበሬ ያስነሣኝን ራሱን ወንበሬ አደርገዋለሁ» ብላ፣ ጀርባቸው እንደ እርጉዝ ሆድ የገፋ ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች ገዛች። ከጓደኛዋ ከልብስ ሰፊዋ ሱቅ ጋር በአንድ ስስ የእንጨት ግድግዳ የምትዋሰን ክፍል ተከራየችና ደረደረቻቸው። ልብስ ሰፊዋ ለሁሉም ዳር ዳሩ ጥልፍ ያለበት ልብስ ሰፋችላቸው፤ ማታ ማታ እንደ ሕፃን ተሸፋፍነው ያድሩ ነበር።

«አቧራ ይፈራሉ» ትላለች እትዬ መስመር።

«ብርድም ሳይፈሩ አይቀሩም» ትላለች ልብስ ሰፊዋ። « አንዳንድ ቀን ጠዋት አልነሣም የሚሉት ለምን መሰለሽ?»

ያ ዘመን ወሬ ከሽቦው ላይ ወርዶ የቀረውን መንገድ በእግሩ የሚጨርስበት ዘመን ነበር። ሰው ኢሜይል ሊያስጽፍ ሲመጣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ጫማውን ጠርጎ ነው፤ ተቀባዩ የሚያየው ይመስል። ጡረተኛው ዘበኛ ለልጁ ሲያስጽፍ ሳሉ ትንፋሽ ያሳጣዋል።

«ደህና ነኝ በይልኝ።»

«ሳሉስ አባባ?»

«ሳሉ እዚሁ ይቅር።»

ፎቶ ሲመጣማ ደንበኛው ሁሉ የየራሱን ትቶ ይሰበሰባል። ፎቶው የሚገለጠው ከላይ ወደ ታች ነበር፤ መጀመሪያ ሰማይ፣ ቀጥሎ ፀጉር፣ ቀጥሎ ግንባር። «የአባቱ ግንባር ነው!» ይላል አንዱ። «ቆይ እስቲ፣ አፍንጫው ይምጣ» ይላል ሌላው። አገጩ እስኪደርስ ድረስ ጨርሶ የማይተዋወቁ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ይቆያሉ። ዛሬ ፎቶው በአንድ ብልጭታ ይመጣል፤ ትከሻው ግን የለም። የሰው ልጅ የጠበቀውን ያህል ነው የሚያየው ቢባል ሐሰት አይመስልም።

ማንበብ ለሚከብዳቸው የምታነብላቸው እሷው ነበረች። ልብስ ሰፊዋም ፊደል ብትቆጥርም ለማንበብ ቀርፋፋ ናት። አንድ ቀን፣ ለሥራ ርቆ ከሄደው ባሏ መልእክት መጣ ተብላ መርፌዋን ደረቷ ላይ እንደሰካች ገብታ ተቀመጠች። የላከው ግን ባሏ አልነበረም፤ የሥራ ባልደረባው ነው። እትዬ መስመር ሰላምታውን ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ዓይኗ ከአፏ ቀድሞ ታች ደረሰ። እዚያ የተጻፈውን ሲያይ፣ እግሯ ሳታዘው ከጠረጴዛው ሥር ገመዱን ፈልጎ ነቀለው። ስክሪኑ ጨለመ።

«መስመር ጠፋ» አለች።

ቤቷን ዘጋች። «ነይ፣ ትንሽ አብረን እንሂድ» ብላ የጓደኛዋን ክንድ ያዘች። መንገድ ላይ የልብስ ሰፊዋን ታላቅ እህት ጠሩ፤ ቤት ገቡ፤ ውኃ ቀረበ። ከዚያ በኋላ ነው፣ እጇን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ የባሏን ሞት የነገረቻት።

ይህ ነገር ደንቧ ሆነ። ክፉ ወሬ ስክሪን ላይ ባየች ቁጥር ገመዱ ይነቀላል፤ ዘመድ ይጠራል፤ ቃሉ በሰው አፍ ይነገራል። ውሸት ነው የሚላት ይኖር ይሆናል። እሷ ግን እውነቱን አልደበቀችም፤ የሚያርፍበትን ቦታ ነው የመረጠችለት።

ጣጣው ሰፈሩ ዘዴዋን ሲያውቅ ነው የመጣው። አንድ ዝናባማ ከሰዓት መስመሩ የእውነት ጠፋ። ኢሜይሉ እስኪከፈት ይጠብቅ የነበረው አናጢ ፊቱ ዐመድ መስሎ ተነሣ። «በቃ ገባኝ፤ እማዬ ናት» አለና፣ እናቱ እዚያው ሰፈር እንዳለች እንኳ ሳያስብ፣ ዝናቡን እየሰነጠቀ፣ እያለቀሰ ወደ ቤቱ ሮጠ። እናቱ በር ላይ ቆማ ጣሪያው የሚያፈሰውን ውኃ በባልዲ ታጠራቅማለች።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ሞትሽብኝ ብዬ ነዋ!»

«አንተ የማትረባ! ጣሪያውን ሳትሠራልኝ ወዴት ነው የምሞተው?» ብላ በነጠላ ጫማ አሳደደችው።

ከዚያ ወዲህ መስመር የእውነት ሲጠፋ እትዬ መስመር መሐል ወለል ላይ ቆማ «ማንም አልሞተም፣ ተቀመጡ!» እያለች ማወጅ ግድ ሆነባት። የሚያምናት ግን ግማሹ ነው።

ከዚያ በኋላ ስክሪኑ በስልክ በኩል የሰው መዳፍ ውስጥ ገባ። ደንበኛው አልተቆጣም፣ አልተሰናበተም፤ ዝም ብሎ ቀረ። ኮምፒዩተሮቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ አንዱ ብቻ ጥልፉን እንደለበሰ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። አሁን ቤቷ ፎቶ ኮፒ ማንሻና ዋይፋይ ነው ያላት። ዋይፋዩም በእንጨቱ ግድግዳ አልፎ ለልብስ ሰፊዋ ይደርሳል፤ ደካማ ስለሆነ የሚደርሳት ግን ሁልጊዜ ከሰው ኋላ ነው። ልጇ ስልክ ገዝታላታለች፤ ካርድ አይሞላበትም፤ ከግድግዳው በሚመጣው ነው የሚኖረው።

አንድ ከሰዓት የእትዬ መስመር ስልክ ጮኸ። የድሮ የሰፈር ልጆች የተሰባሰቡበት ግሩፕ ነው፤ ልብስ ሰፊዋም አለችበት። ከፈተችው። የልብስ ሰፊዋ ታናሽ ወንድም ፎቶ ነው፤ በስፌት መኪናዋ ሰፍታ ያሳደገችው፣ አሁን ሌላ ከተማ የሚኖረው ሹፌር። ኮፍያውን እንዳደረገ ይስቃል። ከጎኑ የበራ ሻማ አለ። ከሥሩ «ነፍስ ይማር» መውረድ ጀመረ፤ አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ።

ጆሮዋን ወደ ግድግዳው ሰጠች። የስፌት መኪናው ይዘምራል፤ ዝዝዝ ይልና ያርፋል፣ ዝዝዝ ይልና ያርፋል። እሱ እስከሠራ ድረስ አላየችም ማለት ነው። ልብስ ሰፊዋ አንድ ስፌት በጨረሰች ቁጥር ስልኳን የምታነሣ ሰው ናት። ሮጦ መድረስ? ጉልበቷ የድሮ ጉልበት አይደለም። ደውሎ ማቆየት? ያ ደግሞ ስልኩን እንድታነሣው ማድረግ ነው።

መኪናው ቆመ። ዝምታው ረዘመ።

እትዬ መስመር ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ አለችና የዋይፋዩን ገመድ ነቀለች። አረንጓዴዋ መብራት ጠፋች። ቀደመችው ወይስ ቀደማት?

በሩ ተከፈተ። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ ስልኳን ዘርግታ፣ እየሳቀች ገባች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዋይፋይሽ ምን ነካው? ወንድሜ ፎቶ ሊልክልኝ ብዥ እንዳለ ተንጠለጠለብኝ እኮ! ይሄው፣ ኮፍያውን ለየሁት። ጎኑ ደግሞ የሆነ መብራት ነገር አለ፤ ልደቱ ነው እንዴ? አክብሮ አያውቅም ነበር!»

እትዬ መስመር የነቀለችው ገመድ ገና እጇ ላይ ነው።

«መስመር ጠፋ» አለች።

የልብስ ሰፊዋ ፈገግታ ወዲያው አልሄደም፤ ቆየት ብሎ ነው የረገፈው። ገመዱን አየች። ጥልፍ የለበሰውን ኮምፒዩተር አየች። ከዚያ የጓደኛዋን ፊት።

«ያኔም እንዲህ ነበር ያልሽኝ» አለች።

ድሮ የተቀመጠችበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ብዥ ያለውን ፎቶ አንዴ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችና ስልኩን በፊቱ ደፍታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ልጄን ጥሪያት» አለች። «ከዚያ አንቺው ትነግሪኛለሽ። በዚህ ነገር አይደለም፤ በአፍሽ።»

እትዬ መስመር ደወለች፤ «ቶሎ ነይ፣ እናትሽ እኔ ጋ ናት» ብቻ አለች። ከዚያ ወንበሯን ስባ ተጠጋችና እጇን ትከሻዋ ላይ አደረገች።

«ያን ኮፍያ ይወደዋል» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ዓይኗን ከበሩ ሳታነሣ። «ጠርዙ ተበልቶ እንኳ አይጥለውም። ሲመጣ እጠግንለታለሁ።»

«ትጠግኝለታለሽ» አለች እትዬ መስመር።

ልጅቷ ከመንገዱ ማዶ ብቅ እስክትል ድረስ ሹፌሩ በዚያች ክፍል ውስጥ ኮፍያውን እንዳደረገ ይኖር ነበር። ገመዱም ወለሉ ላይ እንደወደቀ ቀረ።